የአንበሳው ገበጣ

ተረት ተረት፣ የደከመው ይቀመጥበት።

አንዲት ግንደ ቆርቁር የአንበሳ ፊት ያለበት ገበጣ ከዋንዛ ግንድ ልትፈለፍል አሰበችና ፈቃድ ልትጠይቅ ሄደች። አንበሳም «ፈቅጃለሁ፤ መልኩ የእኔ ስለሆነ ግን እመት ጦጢት እያየች ታሳልፈው» አላት።

ግንደ ቆርቁር ፊቱን መሃል ላይ ቀርጻ፣ ለአሥራ ሁለቱ ጉድጓዶች ዙሪያውን ምልክት አደረገች። ጦጢት መጥታ አየችና «ጋማው አነሰ፤ እኔስ ምን ቸገረኝ፣ እሱ ቅር እንዳይለው ብዬ ነው» አለች። ጋማው ሲሰፋ የአራት ጉድጓድ ቦታ ወሰደ። በዓመቱ ተመልሳ ጥርሱ ይታይ አለች፤ ጥርሱም አራት ወሰደ። ከዚያ ደግሞ ጅራት ያስፈልገዋል ተባለ። ፊት ብቻ ላለው ጅራት ተቀረጸለት፤ እሱም ሁለት ወሰደ።

ሦስት ክረምት አለፈ። የግንደ ቆርቁር ምንቃር ዶለዶመ።

በመጨረሻ አንበሳ ራሱ መጣ። ግንዱን ዞር ዞር ብሎ አየና «ሁለት ጉድጓድ ያለው ገበጣ የት አገር ነው ያለው? በእኔ ስም እንዲህ ያለ ነገር አይወጣም፤ ይቅር» አለ። ጦጢትም ግንዱን ወደ ገደል ገፋችው። ግንደ ቆርቁር ልትከራከር አፏን ከፈተችና፣ ምንቃሯን ሲያማት መልሳ ዘጋችው።

ገበጣውን ሲጠብቁ ለኖሩት ለጃርትና ለኤሊ መቅረቱን ልትነግራቸው ወረደች። መሬት ላይ አሥራ ሁለት ጉድጓድ ቆፍረው በጠጠር ሲጫወቱ አገኘቻቸው።

«ይሄን መቼ ቆፈራችሁት?» አለች።

ጃርት ዓይኑን ከጠጠሩ ሳያነሳ «ፈቃድ ልትጠይቂ የሄድሽ ዕለት» አላት። «እስክትመጪ ብለን ነው።»

ተረቴን መልሱ፤ ዳቦው ይቅርና ማረፊያ ስጡኝ።