እርስዎ ይቅደሙ

በጎች ከሣሩ እኩል ወሬም ያመነዥኩ በነበረበት ዘመን፣ በሦስት ወገን ገደል፣ በአንድ ወገን የእሾህ አጥር በከበበው ሸለቆ ውስጥ አንድ መንጋ ይኖር ነበር። የመንጋው ገዥ ጅብ ነበር። ራሱን «አባ ጠባቂ» ብሎ ሰይሟል። አጥሩን ያጠረውም እሱ ነው፤ ከውጭ ክፉ ጅቦች እንዳይገቡባችሁ ነው ይላል። ሲመሽ ሲመሽ ከበጎቹ አንዱን ይወስዳል። በጎቹ ይህን «መሄድ» ይሉታል። «እገሌ ሄደ» ይባባላሉ እንጂ ተበላ የሚለው ቃል ከጨዋ በግ አፍ አይወጣም።

የሄደው በግ አጥንት ከነደሙ መሰብሰቢያው ዋርካ ሥር ተጥሎ ያድራል። ጠዋት በጎቹ በላዩ እየተራመዱ መጥተው ቦታ ቦታቸውን ይይዛሉ። እግራቸው ቀልቶ ሲያዩት «ዘንድሮስ የዚህ ሰፈር ጭቃ ቀላ» ይሉና ወደ ጉዳያቸው ይገባሉ።

ይህ መንጋ ከሁሉ በላይ በጨዋነቱ ይኮራ ነበር። ታናሽ ከታላቅ ቀድሞ ውኃ አይጠጣም። ሁለት በጎች በጠባብ መንገድ ከተገናኙ «ይቅደሙ»፣ «የለም፣ እርስዎ ይቅደሙ» ሲባባሉ ጥላ ይዞራል። ሁለት አዛውንት በምንጩ መንገድ ላይ እንዲህ ሲጋበዙ ምንጩ ደረቀ እየተባለም ይወራል። ማጋነን ሳይሆን አይቀርም፤ ግን ማንም አላስተባበለም።

ቦቂት ግንባሯ ላይ ነጭ ቦቃ ያላት እናት በግ ነበረች። ከወለደቻቸው ሦስቱ ሄደዋል። የቀራት አንድ ግልገል ነው፤ ስሙ ምስጉን። አንገቱን ደፍቶ የሚሄድ፣ ሳይጠሩት አቤት የሚል ግልገል ስለሆነ እናቶች ሁሉ ለልጆቻቸው ምሳሌ ያደርጉታል። ቦቂት በዚህ ደስ ይላት ነበር። አንድ ቀን ግን አባ ጠባቂ በአጠገባቸው ሲያልፍ ቆም አለና ግልገሉን ከጆሮው እስከ ጭራው አሸተተው።

«ወፍሯል፤ ያሳድግልሽ» አላት።

«አሜን ጌታዬ» አለች ቦቂት፣ አንገቷን ሰብራ። እሱ ራቅ ካለ በኋላ ግን ልጇን ከጆሮው እስከ ጭራው ላሰችው።

በዚያው ሰሞን ኃይለኛ ጎርፍ ወርዶ ከእሾህ አጥሩ አንዱን ጥግ ጠርጎ ወሰደው። አንድ በግ አጎንብሶ የሚያሾልክ ክፍተት ተከፈተ። መጀመሪያ ያየችው ቦቂት ናት። ምስጉንን ይዛ ወዲያውኑ መውጣት ትችል ነበር። ግን ታላላቆች ሳያውቁት፣ ታላላቆች ሳይቀድሙ እንዴት ይሆናል? ስለዚህ ለመንጋው ሊቀ መንበር ለጋሽ ዳለቻ ልትነግር ሄደች፤ ጉባኤም ተጠራ።

ጋሽ ዳለቻ ቀንዳቸው ሁለት ጊዜ የተጠመዘዘ ግራጫ አውራ በግ ነበሩ። ጉባኤውን ሲከፍቱ ትላንት ማታ የሄደው የጸሐፊው ቀንድ እግራቸው ሥር ወድቆ ነበር። በሰኮናቸው ገፋ አድርገው ቦታ አመቻቹ።

«ጸሐፊያችን ዛሬም አረፈደ» አሉ በቅያሜ። «ቀጠሮ አለማክበር ይህን መንጋ ይጨርሰዋል፤ ብያለሁ!»

ጉባኤው በሐዘን ራሱን ነቀነቀ።

ቦቂት ተነሥታ ስለ ክፍተቱ ተናገረች። ብዙ ተወያዩ። መውጣቱ ክብር ይነካል አይነካም በሚለው ላይ ሦስት አዛውንት ተናገሩ፤ ሦስቱም ያሉት አንድ ነበር፤ ሦስቱም ግን «ከቀደሙት ተናጋሪዎች በመለየት» ብለው ጀመሩ። በመጨረሻ ጋሽ ዳለቻ፣ «እንግዲህ ነገ ጎሕ ሲቀድ፣ አባ ጠባቂ ጠግቦ በተኛበት ሰዓት፣ በጎርፉ ክፍተት...» ሲሉ ከዋርካው ኋላ ከባድ ማስነጠስ ተሰማ።

«ይማርዎ!» አለ ጉባኤው በአንድ ድምፅ።

«ያኑራችሁ» አለ አንድ ጎርናና ድምፅ።

«...በጎርፉ ክፍተት እንወጣለን» ብለው ጋሽ ዳለቻ ጨረሱ። ማንም ዘወር ብሎ አላየም። ቦቂትም ከሌላው አልተሻለችም፤ ይማርዎ ካሉት አንዷ እሷ ነበረች።

ጎሕ ሲቀድ መንጋው ከክፍተቱ ፊት ደረሰ። የሚነፍሰው የውጭው ነፋስ ነው፤ ትኩስ ሣር ይሸታል። ጋሽ ዳለቻ ከፊት ቆሙ። አጠገባቸው እማማ ወይኒት ነበሩ፤ ጥርሳቸው ያለቀ፣ ሁሉን የመረቁ አሮጊት በግ።

«እማማ፣ ይቅደሙ» አሉ ጋሽ ዳለቻ።

«ውይ! እርስዎ እያሉ? በሞቴ፣ እርስዎ ይቅደሙ።»

«እኔ ልሙት፣ አላደርገውም።»

«አፈር ስሆን! ሽማግሌ ቆሞ ሴት ትቀድማለች?»

«እናት ቆማ ወንድ ይቀድማል?»

ከኋላ ያሉት በዚህ መከባበር አንጀታቸው ቅቤ ጠጣ። አንዳንዶቹ ለልጆቻቸው «እይ፣ እንዲህ ነው ጨዋ» አሉ። ፀሐይ አጥሩን ማየት ጀመረች። ቦቂት በሦስተኛው ረድፍ ምስጉንን ከጎኗ አጣብቃ እግሯን ታነሣለች፣ ትመልሳለች። ሁለት ዝላይ ቢሆን ነው። ግን ከፊቷ ሁለት ታላላቅ አሉ፤ ከኋላዋ ያለውስ ምን ይላል?

«እኔንስ ታሳልፉኛላችሁ?» አለ ጎርናናው ድምፅ ከመንጋው ኋላ።

«ይለፉ ጌታዬ! ይቅደሙ፣ ይቅደሙ!» ብለው በጎቹ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ተከፈሉ።

አባ ጠባቂ በመካከላቸው አለፈ። ወደ ቀኝም ወደ ግራም እያመሰገነ ክፍተቱ ጋ ደረሰ፤ ጀርባውን ለክፍተቱ ሰጥቶ ቁጭ አለ። እማማ ወይኒት እጅ ነሡ። «እንደምን አ...» ሲሉ ጉሮሯቸው ከነሰላምታው ተቦጨቀ። ደማቸው ተፈናጥሮ የጋሽ ዳለቻን ፊት መታ።

«ካፊያ ጀመረ» አሉ ጋሽ ዳለቻ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው።

ጅቡ አሮጊቷን እግሩ ሥር ጣለና ከወዲያ ማዶ የቆመውን ጠቦት ሆዱን ዘረገፈው። አንጀቱ እሾሁ ላይ ተንጠለጠለ። ቀጥሎ አንዲት እርጉዝ በግ ወገቧን ሰበራት፤ ገና እግሯ ሲፈራገጥ ሌላውን ያዘ። አንዱ በወደቀ ቁጥር ከፊት ቦታ ይለቀቃል፤ ከኋላ ያሉት አንድ እርምጃ ይጠጋሉ።

«ተመስገን፣ ተራው ፈጠነ!» አለ አንዱ ከኋላ።

«እኔ አልኩ እኮ፤ ሲታገሡ ሁሉም ይደርሳል» አለ ሌላው፤ ሁለት እርምጃ ተጠጋ።

ምስጉን አንገቱን እንደ ደፋ ነበር። ደሙ ሰኮናው ሥር ሲደርስ እግሩን ሰበሰበና፣ «እማዬ፣ የኛ ተራ ደረሰ» አላት።

ያን ጊዜ ቦቂት ቀና ብላ አየች። ስታየው የኖረችውን ነገር ያን ጊዜ ገና አየችው። ሦስቱም ልጆቿ በአንድ ጊዜ ትዝ አሏት፤ አልሄዱም፣ ተበልተዋል።

«ጅብ ነው!» ብላ ጮኸች። «ጅብ! እየበላን ነው!»

«ኧረ ነውር ነው ልጄ» አላት አንድ ድምፅ ከኋላዋ። «ጅብ አይባልም፤ አባ ጠባቂ ነው የሚባለው።»

ቦቂት ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ ሄደች። ከዚያ አጎንብሳ ተወረወረችና በሙሉ ኃይሏ ጋሽ ዳለቻን ከኋላ ወጋቻቸው። ሽማግሌው ከነቀንዳቸው ጅቡ ላይ ወደቁ። ቀንዱ ጎድኑ ውስጥ ሲሰነቀር ጅቡ አገሣ፤ የሽማግሌውን ጆሮ ከሥሩ በጠሰና አብሯቸው ተንከባለለ። ክፍተቱ ባዶ ሆነ። ቦቂት ምስጉንን በጆሮው ነክሳ፣ የእማማ ወይኒትን ሬሳ ረግጣ፣ እሾሁ ጎኗን እየቀደዳት ወጣች። በግ ደግሞ የሚሮጥ ካየ ይሮጣል። የቀሩት ለምን እንደሆነ ሳያውቁት እየተረጋገጡ ተከተሏት፤ ጋሽ ዳለቻም ተነሥተው አብረው ሾለኩ። ወደ ኋላ የቀሩትን ጅቡ እያነከሰ አንቆ ጣላቸው።

ያመለጡት ኮረብታው ላይ ተሰበሰቡ። ሣሩ እስከ ጉልበት ይደርሳል። ማንም አልነጨም፤ ጉባኤ አለና። ጋሽ ዳለቻ ከተቆረጠው ጆሯቸው ደም እየወረደ ስብሰባውን ከፈቱ።

«የመጀመሪያው ጉዳይ የቦቂት ነው» አሉ። «ታላቅን ከኋላ መግፋት! በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ውርደት አላየሁም። ደግሞ እማማ ወይኒትን ረግጣ ስታልፍ ያያችኋት ይመስለኛል።»

«ይቅርታ እንኳ አላለችም» አለች አንዷ።

«እማማስ የት ቀሩ?»

«ይደርሳሉ፤ ዛሬ ዘገዩ።»

ቦቂት ተነሣች። «ጋሼ፣ እማማ ወይኒት ተበልተዋል። ጸሐፊውም ተበልቷል። ሦስት ልጆቼን በልቶብኛል። ይኸው የእርስዎም ጆሮ በሆዱ ነው!»

ጉባኤው ደነገጠ፤ በሞቱት ሳይሆን በቃሉ። እናቶች ግልገሎቻቸውን ወደ ሆዳቸው ሥር አስገቡ። አንድ አዛውንት ቀስ ብለው ተነሡ።

«ልጅቱ ተቆጥታለች፤ እንለፋት» አሉ። «እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው። ያን ያህል ዘመን የጠበቀንን ጌታ ሳንሰናበት ወጣን። ምን ይለናል? እንደ ፍየል መሆናችን እኮ ነው!»

ጋሽ ዳለቻ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «እውነት ነው» አሉ። «በዚያ ላይ ጎኑን ወግቼዋለሁ። ይቅርታ ሳልጠይቀው ይህ ሣር አይዋጥልኝም።»

ተመልሶ መሰናበቱ ያለ አንድ ተቃውሞ ጸደቀ። ተሰለፉ። ጋሽ ዳለቻ ቦቂትን ሲያልፉ ግልገሉን ተመለከቱትና ደስ አላቸው።

«ና አንተ ምስጉን» አሉት። «አንተ እንኳ የተማርክ ነህ። ና የጌታችንን ጉልበት ሳም።»

«እሺ ጋሼ» አለ ምስጉን፤ ሄደም።

ቦቂት ከፊቱ ቆመች። በቀኝ ሊያልፍ ሞከረ፣ ከለከለችው። በግራ ሞከረ። «እማዬ፣ ታላቅ ጠርቶኝ?» አላት፤ ፊቱ በሐፍረት ተለዋወጠ። ያን ጊዜ ልጇን በግንባሯ መታችው። ወደቀ። ሊነሣ ሲል ደግማ መታችው፤ ከአፍንጫው ደም ወጣ። ከዚያ ሁለት የፊት እግሮቿን ደረቱ ላይ አድርጋ ቆመችበት። መንጋው እያያትና እያማት፣ በመስመሩ፣ ታላቅ ከፊት ታናሽ ከኋላ ሆኖ ወደ ሸለቆው ወረደ።

ጩኸት አልተሰማም። ጨዋ በግ አይጮኽም። አልፎ አልፎ ብቻ አጥንት ሲሰበር ድምፁ ወደ ኮረብታው ይመጣ ነበር።

ምስጉን ከእግሯ ሥር ሆኖ ያለቅስ ጀመር። «አዋረድሽኝ» አላት። «ከእንግዲህ በማን ፊት እቆማለሁ? ሁሉም ሄዱ፤ እኔ ብቻ ባለጌ ሆኜ ቀረሁ።»

ቦቂት የተቀደደ ጎኗ ያማታል። ልጇ እሷን መጥላቱን አወቀች፤ እግሯን ግን ከደረቱ ላይ አላነሣችም።