ዘጠኝ ከሞላ በኋላ

በዚያ ዱር ሸንጎ የሚቀመጠው በዋሻ ውስጥ ነበር። ዋሻው ያስተጋባል፤ ከዘጠኝ በላይ ሲገባበት የአንዱ ቃል ከሌላው እየተጋጨ ማን ምን እንዳለ አይለይም። ስለዚህ ንጉሡ አንበሳ ከዘጠኝ በላይ እንዳይገባ ደነገገ። ድንጋጌው ክፉ አልነበረም። ክፋቱ ዘጠኙን የሚመርጠው አንበሳ ብቻ መሆኑ ነው፤ ለእሱ ደግሞ ጥሩ መካሪ ማለት ቶሎ ራሱን በእሺታ የሚነቀንቅ ነው።

በረኛዋ ጃርት ነበረች። እሾኋን አቁማ ደጃፉ ላይ ስትሰየም የሚዳፈራት የለም። ቆጥራ ታስገባለች፣ ሲሞላ ትዘጋለች፤ በሥራዋም ትኮራ ነበር።

ድርቅ በገባ ዓመት ቀበሮ መንጋው ሁሉ ወደ ታችኛው ወንዝ ይውረድ የሚል ሐሳብ አመጣ። ወሬውን የሰማው ሽማግሌው ኤሊ ሦስት ቀን ተጉዞ፣ ሸንጎው በተቀመጠበት ረፋድ ደጃፉ ላይ ደረሰ።

«እመት ጃርት፣ አስገቢኝ። የወንዙን ዳር ውሃው ከሥሩ ቦርቡሮታል። ላዩ ሣር ነው፣ ሥሩ ባዶ። መንጋ ከረገጠው ይናዳል።»

«አያ ኤሊ፣ ዘጠኝ ሞልቷል እኮ።»

«እነማን ናቸው?»

«ጌታችን አንበሳ፣ ቀበሮ፣ ጅብ፣ ነብር፣ ከርከሮ፣ ሁለቱ ጦጣዎች፣ አሞራ...»

«ይህ ስምንት ነው።»

«ዘጠነኛዋ እኔ ነኝ።»

ኤሊ አንገቱን አስግጎ አያት። «አንቺ በሸንጎው ምን ትናገሪያለሽ?»

«ምንም። እቆጥራለሁ።»

«እንግዲያው ለአንድ አፍታ ውጪልኝና ልግባ።»

ጃርት አንዴ ከወጣች የሚመልሳት እንደሌለ አሰበች። «አይሆንም፤ እኔው እነግርልሃለሁ» አለችው።

«እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ኤሊ የመመለሻ መንገዱን ጀመረ።

ጃርት ስትገባ ቀበሮ ንግግሩን እየጨረሰ ነበር። «የሚቃወም አለ?» አለ አንበሳ፤ ዓይኑም ከዓይኗ ገጠመ። እሾኋ አንድ በአንድ ተኛ። እሷም እንደ ሌሎቹ ራሷን በእሺታ ነቀነቀች።

መንጋው ወረደ። ግልገሎቹ ጠምቷቸው ስለነበር ቀድመው ሮጡ፤ ዳሩ የተናደው ከነሱ ጋር ነው። እናቶቻቸው ከላይ ቆመው ድምፃቸው እስኪዘጋ ጮኹ።

ሸንጎው እንደገና ተቀመጠ። «ይህን የሚያውቅ አንድ ስንኳ እንዴት ይጠፋል?» አለ አንበሳ አዝኖ።

«ጌታዬ፣ ምክር የሚጠፋው መካሪ ሲበዛ ነው፤ አምስት ይበቃል» አለ ቀበሮ። ሁሉም ነቀነቁ። አራቱ ተሰናበቱ፤ ጃርት ግን አፏ የታመነ ነው ተብላ ቀረች።

ከዋሻው ስትወርድ ኤሊን መንገድ ላይ አገኘችው። ልትሸሸው ፈለገች፤ መንገዱ አንድ ብቻ ነበር። ከጎኑ ሁለት ግልገል ያጣችው ሚዳቋ ቆማለች።

«ይቺ ናት» አላት ኤሊ ሚዳቋዋን፣ በአክብሮት። «የተቻላትን ያደረገችልን እሷ ናት።» ወደ ጃርትም ዞሮ፣ «ለመሆኑ እመት ጃርት፣ ያን ዕለት ስትነግሪያቸው ምን አሉሽ?» ብሎ ጠየቃት።

ሚዳቋዋ መልሱን ለመስማት አንድ እርምጃ ቀረበቻት።