ቱካንና የመጨረሻዋ ሾላ

ተረት ተረት፤ የወፎች ጉድ ያለበት።

በአንድ ሩቅ አገር ቱካን የሚባል፣ ምንቃሩ የገላውን ግማሽ የሚያህል ወፍ ነበረ። ሌላው ወፍ የማይደርስበትን ፍሬ በዚያ ምንቃር ይቀጥፋል። የምንቃሩ ጫፍ ግን ከጉሮሮው ስለሚርቅ፣ የቀጠፈውን ወደ ላይ ወርውሮ መልሶ ካልቀለበው መዋጥ አይሆንለትም።

አንድ ዓመት ድርቅ ገባና ከዛፉ ላይ አንዲት ሾላ ብቻ ቀረች። ቱካን ቀጠፋት። ይህን ያየች ጦጣ ከሥሩ መዳፏን ዘርግታ ተቀመጠች።

«ወርውረህ ዋጣት እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ?» አለችው ሚስቱ።

«ብስታትስ?» አለ ምንቃሩን እንደገጠመ።

«መቼ ስተህ ታውቃለህ?»

«ያኔማ ሌላ ነበረ።»

«ረጋ በል ጋሼ» አለች ጦጣ ከታች፤ «እኔ እንደሆነ ቀጠሮ የለኝም።»

ቱካን እንዳትወድቅበት አጥብቆ እንደነከሳት ዋለ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አንገቱ ዛለና እንደምንም ብሎ ወረወራት። አልሳታትም፤ ልክ ጉሮሮው ውስጥ ገባች። የዋጠው ግን ልጣጭ ብቻ ነበር።

ከታች ጦጣ፣ ቀኑን ሙሉ ጠብ ጠብ ሲልላት የዋለውን ወለላ ከመዳፏ ላይ ትልሳለች።

ተረቴን መልሱ፤ አፌን በሾላ አብሱ።