የማይደፈነው የባሕር በር

በቀይ ባሕር ዳርቻ ባለችው በጥንታዊቷ መርሳ ጡሊ፣ ባሕር ዳር ያለ ቤት ሲሸጥ ደላላው ገዢውን በመንገዱ በኩል አያስገባውም። ዞሮ በባሕሩ በኩል ይወስደውና ቁልፍ የሌለውን በር ያሳየዋል። ይህን ያየ እንግዳ ሁሉ «ሌባ አትፈሩም እንዴ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ የከተማዋ ሽማግሌዎችም መልሱን ከሰዕዲያ ቤት ይጀምሩታል።

እንደሚነገረው ሰዕዲያ የአንድ ጀልባ መሪ ሚስት ነበረች። ባሏ ሞቶ ብቻዋን ብትቀር፣ ደጋ ካገባችው ልጇ ዘንድ ሄዳ ለመኖር ቆርጣ፣ ከባሕር ድንጋይ የተሠራውን ቤቷን ሐጂ መሕፉዝ ለሚባል የእህል ነጋዴ ሸጠችለት። በዚያ ዳርቻ ያለው ዐለት እንደ ምላጭ የሰላ በመሆኑ፣ ከባሕር ወደ የብስ መውጫው ከቤቷ ሥር ተነሥቶ በባሕሩ በር የሚያስገባው ደረጃ ብቻ ነበር ይባላል፤ ስለዚህም ሽያጩ በሽማግሌዎች ፊት ሲፈጸም «ቤቱን እንደ ወደዱ ያድርጉት፤ የባሕሩን በር ግን አይድፈኑብኝ» ብላ ለመነች።

«እህቴ፣ እህሌን ጨው ሲበላው ቆሜ ልይ ነው የምትይኝ?» አላት ሐጂው። ሽማግሌዎቹም የገዛ ያዝዛል ብለው ፈረዱለት። ግንበኛ መጣ፤ በሩ በድንጋይና በኖራ ተደፈነ።

ሰዕዲያ ጓዟን ግመል ላይ አስጭና ልትነሣ ስትል ሰማዩ በአቧራ ቀላ፤ ከባሕሩም ዐውሎ ተነሣ። ብዙም ሳይቆይ አንዲት ጀልባ ዐለቱ ላይ ተሰባበረችና ሰዎቹ እየዋኙ ወደሚያውቁት ደረጃ መጡ። ደረጃውን ወጡ፤ በሩ ግን የለም። ማዕበሉ እያነሣ ከግንቡ ጋር ያላትማቸው ጀመር። ጩኸታቸውን የሰማችው ሰዕዲያ ግመሉን ትታ ሮጠች፤ ግንበኛው የተወውን መዶሻ አንሥታም ግንቡን ትመታ ጀመር። ሐጂ መሕፉዝ ክንዷን ያዛት። ከኋላው እህሉ እስከ ጣሪያ ተከምሯል፤ ግንቡ ከፈረሰ አንዱም እንደማይተርፍ ያውቃል።

«ባሕሩ ይገባብኛል!» አለ።

«ይግባ! ሰውም አብሮት ይገባል!» አለችው።

ከግንቡ ማዶ አንድ ድምፅ «እናንተ የቤት ሰዎች!» ሲል ተጣራ። ሐጂው ክንዷን ለቀቀና መዶሻውን ከእጇ ነጠቃት። ሊጥለው ነው ብላ ስትጮህ፣ እሱ ግን ግንቡን ባለ በሌለ ጉልበቱ መታው።

ድንጋዩ ተንዶ ውሃው እስከ ወገባቸው ሲያጥለቀልቃቸው፣ ሁለቱ እየተጋገዙ ሰዎቹን አንድ በአንድ ጎትተው አስገቡ። በመጨረሻ የቀረው ያ የተጣራው ሰው ነበር። ሐጂው እጁን ያዘው፤ ማዕበሉ ግን መንጭቆ ወሰደበት። አንዳንዶች የጀልባዋ መሪ ነበር ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ ማንም የማያውቀው መንገደኛ ነው ይላሉ። ሐጂው ግን ማንነቱን አልጠየቀም፤ «ግንቡን ያሠራሁት እኔ ነኝ» እያለ በረጠበው እህሉ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ ይባላል።

ዐውሎው ሲበርድ ሽማግሌዎቹን አስጠርቶ «ቤቱ የእኔ ነው፤ በሩ ግን የእኔ አይደለም» አላቸው። እነሱም በፍርዳቸው አፍረው የባሕር በር አለመደፈኑና አለመቆለፉ ለባሕር ዳር ቤት ሁሉ ደንብ እንዲሆን ወሰኑ፤ ሰዕዲያም ሐጂውን መርቃ መንገዷን ቀጠለች።

ከዚያ ወዲህ ቤቱ ስንት እጅ እንደ ተለዋወጠ የሚያስታውስ የለም። ዛሬም ውል ከመፈረሙ በፊት ሻጭ ገዢውን በባሕሩ በር ደፍ ላይ ያቆመውና «ይህስ በር የማን ነው?» ብሎ ይጠይቀዋል። ገዢው «የእኔ» ካለ ሽያጩ ይፈርሳል። «በባሕር የሚመጣ ሰው ነው» ካለ ግን እጅ ይጨባበጣሉ።