ዓሣ ላይ የተቀመጠው ጅብ

አንድ ጊዜ፣ የጨው ባሕር ወደ የብስ ገባ ብሎ በተኛበት ሰላጤ ዳር፣ ቀበሮና አህያ በሽርክና ዓሣ ያጠምዱ ነበር። ደግሞ አጠማመዳቸው! መንጠቆ የለ፣ መረብ የለ። አህያ ድንጋይ ታመላልሳለች፣ ቀበሮ ዳር ዳሩን ክብ አድርጋ ትክባለች። ባሕሩ ሞልቶ ሲመጣ ዓሣው ካቡን አልፎ ይገባል፤ ውኃው ሲሸሽ እዚያው ይቀራል። በቃ፣ ጎመን እንደ መልቀም ነው! ዓሣው ለቀበሮ፣ ከሰላጤው ዳር የሚበቅለው ሣር ለአህያ፤ ተጣልተውም አያውቁ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ውኃው ሸሽቶ፣ ካቡ ውስጥ ቀያይና ነጠብጣብ ዓሣ ሲንፈራገጥ፣ ከደጋ የወረደ ጅብ ከተፍ አለ። ባሕር በዓይኑ አይቶ አያውቅም። አህያን ግን ያውቃል! ድንጋይ እንደተጫነች ጭራዋን ለቀም።

«አያ ጅቦ፣ በፈጠረዎት! ድንጋዩን እንኳ ላራግፍ!» አለች አህያ።

«አትልፊ፣ እኔው አራግፍልሻለሁ» አለ ለሃጩን እያዝረበረበ።

ቀበሮ ልቧ ድው አለ፤ ፊቷ ግን ፈገግታ ብቻ ነው። «አያ ጅቦ፣ እንኳን ደህና መጡ! ምነው በደረቅ ሥጋ ይጀምራሉ? እዚያ ካብ ውስጥ የሰባ ዓሣ ሞልቶልዎት! አህያ እንደሆነች ይህን ሁሉ ድንጋይ ተሸክማ የት ትደርሳለች?»

ጅብ አሰበ። አሰበ ስል እንግዲህ፣ እንደ ጅብ ነው። «ሁለቱንም እበላለሁ!» ብሎ ጭራዋን ለቀቀና ካቡን ዘሎ ገባ።

እናላችሁ፣ መብላቱን ትቶ መሰብሰብ! ቀዩን ከዚህ፣ ነጠብጣቡን ከዚያ እየጎተተ ከመረና፣ እንዳይሰርቁት ክምሩ ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠበት። ዓሣው ከሥሩ ይወራጫል፣ እሱን ይኮረኩረውና ያስቀዋል!

ይሄኔ ቀበሮ የአህያን የጭነት ገመድ በጥርሷ ትቆርጥ ጀመር። ገመዱ ወፍራም፣ ጥርሷ ቀጭን። ባሕሩም መመለስ ጀመረ።

«አያ ጅቦ! ውኃው እየመጣ ነው፣ ይውጡ!» ብላ ጮኸች ቀበሮ።

አህያ ክው አለች። «ምነው እህቴ፣ ለምን ትነግሪዋለሽ? ከወጣ እኮ አለቀልኝ!»

«ዝም በይ እቴ! ካልነገርኩት ነው የሚወጣው።»

እውነትም ጅብ ጥርሱን አገጠጠ። «አሃ! እኔ ስወጣ አንቺ ልትገቢ! የቀበሮን ተንኮል እናቴ ነግራኛለች!»

«እግርዎ ረጠበ እኮ!»

«ይርጠብ!»

«ኧረ ሆድዎ ጋ ደረሰ!»

«ሆዴን ለኔ ተይው!»

ቀበሮ በዕድሜዋ እንደዚያ ቀን እውነት ተናግራ አታውቅም።

ውኃው አንገቱ ሲደርስ ዓሣዎቹ ከሥሩ ሹልክ፣ ሹልክ! ያን ልያዝ ሲል ይሄ ያመልጠዋል። በመጨረሻ አንድ ማዕበል መጣና ጅብን ገለባበጠው። በዚያው ቅጽበት ገመዱ ተበጠሰ፤ ድንጋዩ ተንኮታኮተ፤ አህያ ሽምጥ ጋለበች፣ ቀበሮም ጀርባዋ ላይ!

ጅብ የጨው ውኃ እየተፋ፣ ዓይኑ ቀልቶ በወዲያኛው ዳር ሲወጣ፣ ዓሣም የለ፣ አህያም የለ። ሆዱ እየጮኸ ወደ ደጋው ሲመለስ፣ መንገድ ላይ ላገኘው ሁሉ «ያቺ ቀበሮ አታለለችኝ!» ይል ነበር።

ከዚህ የምንማረው፣ ስግብግብ ሰው እውነቱን ሲነግሩት እንኳ ሊቀሙኝ ነው ብሎ ስለሚጠረጥር፣ ማንም ሳይነካው ራሱን በራሱ እንደሚያስርብ ነው።