አንጓች ትስማ

ዱሮ ነው፤ በጣም ዱሮ። አሁን በሬ የምታግዱበት ሜዳ ገና ባሕር በነበረበት ዘመን ነው። እኔ አላየሁም፤ ያየ ሰውም አላጋጠመኝም። የነገሩኝ ሰዎች ግን እዚህ ታሪክ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር። እናንተም ዝም ብላችሁ ስሙ። የሚያዛጋ ካለ ከወዲሁ ተነስቶ ይሂድ፤ እኔ ማዛጋት አልወድም።

በጣና ዳር ደንገል አፋፍ የምትባል መንደር ነበረች። በዚያች መንደር አንጓች የምትባል ሸክላ ሠሪ ትኖር ነበር። ባሏ ሽታው ቀጥቃጭ ነው። እሱ ማረሻ ይቀጠቅጣል፣ እሷ እንስራና ድስት ትሠራለች። መንደርተኛው በሽታው ማረሻ ያርሳል፣ በአንጓች ድስት ወጥ ይሠራል፤ ከእነሱ ጋር ግን ማዕድ አይቀርብም። ዓይናቸው ሰው ይበላል ይላል። ውሸት ነው። ዛሬም እንዲህ የሚል ካለ ከደጄ አይድረስ።

አንጓች አንዲት ልጅ ነበረቻት፤ ብርቄ የምትባል፣ ጡት ያልጣለች። ከብርቄ በፊት የወለደቻቸው አንዳቸውም አልቆዩላትም። ብርቄ የላም ወተት ቢሰጧት ትተፋለች፤ አጥሚት ቢያቀምሷት ትተፋለች። ከእናቷ ጡት በቀር የምትቀበለው ነገር አልነበረም። ስለዚህ አንጓች የትም ብትሄድ ሳይመሽ መመለስ ነበረባት። ይዛት እንዳትሄድ ደግሞ ታንኳ ላይ የሚጠባ ልጅ ማሳፈር ነውር ነው። ባሕሩን የወተት ሽታ ይጠራዋል ይባል ነበር።

አንድ የገበያ ቀን አንጓች ልጇን አጥብታ፣ ለሽታው አስታቅፋ፣ ሸክላዋን በገመድ አስራ ወደ ማዶ ተሻገረች። ገበያው ቀዝቅዞ ዋለ። ማሰሮ የሚጠይቅ አልነበረም፤ እንስራ የሚያነሳ አልነበረም። ጡቷ ሞልቶ ልብሷን ማራስ ሲጀምር ያልተሸጠውን ሸክላ መልሳ አሰረችና ወደ ታንኳው ወረደች።

ታንኳው የአያ ምንይችል ነው። እንግዲህ ከደንገል፣ ከባሕሩ ዳር ቄጠማ፣ የታሰረ ታንኳ ውኃ እንደሚጠጣ ታውቃላችሁ። አንድ ቀን ከቀዘፉበት በነጋታው ዳር አውጥተው፣ አቁመው፣ ፀሐይ ያስመቱታል። አያ ምንይችል ግን ገበያ እንዳያመልጠው ብሎ ትናንት የዋለበትን ታንኳ ሳያደርቅ አውጥቶት ነበር። ጠዋት ሲሄዱ ታንኳው ከውኃው በላይ ክንድ ያህል ነበር። ማታ ሲመለሱ የተሳፋሪው እግር ውኃ ውስጥ ነበር። ሰው አየ፤ ማንም አልተናገረም።

ባሕሩ መሀል ሲደርሱ ነፋሱ ተነሣ። ማዕበሉ ታንኳውን አነሣው፤ ጣለው። ደግሞ አነሣው፤ ደግሞ ጣለው። ያን ጊዜ አንዱ ተሳፋሪ፦

«እሷ ናት! በዓይኗ አይታን ነው! ዕቃዋን ወርውሩት!» አለ።

አንጓች አልተከራከረችም። በገዛ እጇ ገመዱን ፈታች። ድስቱን ወረወረች፣ ማሰሮውን ወረወረች። የሳምንት ሥራዋ እያየችው ሰጠመ። አንድ እንስራ ብቻ ቀረ። እሱን ልትወረውር ብድግ ስትል ማዕበሉ ጎኗን መታት። እንስራውን እንዳቀፈች ባሕር ውስጥ ገባች።

ውኃው ዋጣት። በአፍንጫዋ ገባ፣ በጆሮዋ ገባ። ወደ ላይ ይሁን ወደ ታች የምትሄደው አታውቅም። እንስራው ግን ባዶ ነበረና ወደ ላይ ጎተታት። ብቅ ስትል ታንኳው ብዙም አልራቀም። የአያ ምንይችል መቅዘፊያ ረጅም ነው፤ ቢዘረጋላት ይደርስ ነበር። አልዘረጋም። እሷ እጇን አነሣች፤ እነሱ ፊታቸውን አዞሩ። ገፍተው አልጣሏትም፤ ይህን መናገር አለብኝ። ግን ስትወድቅ ታንኳው ቀለል ብሎ ነበር፤ መልሰው ሊጭኗት የፈለገ አልነበረም።

አንጓች ዋና አታውቅም። በባሕሩ ዳር ተወልዳ፣ በባሕሩ ዳር አድጋ፣ ከጉልበቷ በላይ ውኃ ገብታ አታውቅም። መቀነቷን ከወገቧ ፈታች። ጠቅልላ በእንስራው አፍ ላይ ወተፈችው። ከዚያ እንስራውን ደረቷ ሥር አድርጋ ተኛችበት።

«እመቤቴ፣ ለእኔ አይደለም፤ ለዚያች ልጅ ድረሽላት» አለች።

ማዕበሉ መጣ፤ አንጓች ያዘች። ሌላው መጣ፤ አንጓች ያዘች። ነፋሱ ደክሞት እስኪተኛ ድረስ አንጓች እንስራዋን እንደያዘች ነበረች።

አሁን ደግሞ ሌላ ፍርሃት መጣ። እንስራው አዲስ ነው። አዲስ ሸክላ ገዢው ቤቱ ወስዶ ካላሟሸው ውኃ ያሳልፋል። ያን አንጓች ከማንም በላይ ታውቃለች፤ ለገዢዎቿ ሁሉ «ሳታሟሹ ውኃ እንዳትሞሉበት» የምትለው እሷ ናት። ጆሮዋን ገላው ላይ ስታስጠጋ ውስጡ ጭር ጭር ሲል ሰማች። ውኃው በሸክላው ገላ ላብ ሆኖ እየገባ ነው። ሸክላው ጠጣ፤ እንስራው ትንሽ ዝቅ አለ። ሸክላው ጠጣ፤ እንስራው ትንሽ ዝቅ አለ። ቀድሞ ውኃው ከጡቷ በታች ነበር። አሁን ትከሻዋ ደረሰ።

መቀነቱን ነቅላ ውኃውን ልታንቆረቁር እጇን ስትሰድ ከፊቷ ባሕሩ ተከፈተ። ጉማሬ ነበር።

መጀመሪያ ጆሮው ወጣ፣ ቀጥሎ ዓይኑ ወጣ። ከዚያ እፍ ሲል ትንፋሹ ፊቷን አረጠበው። የበሰበሰ ሣር ይሸታል። ጉማሬ ታንኳ ለሁለት እንደሚቆርጥ ያልሰማ የባሕር ዳር ሰው የለም። አንጓች አልጮኸችም፤ አልተነቃነቀችም። ከሥሯ ሸክላው ይጠጣል። ብትንቀሳቀስ አውሬው አለ፤ ባትንቀሳቀስ እንስራው ይሰጥማል። ፈራች። እንዲህ ፈርታ አታውቅም። ውኃው አገጯ ሲደርስ ጥርሷ እንዳይንገጫገጭ ምላሷን ነከሰች።

ጉማሬው ጠለቀ። ይህ ደግሞ ባሰ። ሲታይ የት እንዳለ ታውቅ ነበር፤ አሁን በእግሯ ሥር ይሁን በጀርባዋ አታውቅም። ሰፊ ነገር ከሆዷ ሥር ውኃውን እየገፋ አለፈ። እግሯን ነካት። ሻካራ ነበር። አንጓች ዓይኗን ጨፍና የልጇን ስም በልቧ ጠራች።

ዓይኗን ስትገልጥ ጉማሬው ከፊት ለፊቷ ወጥቶ እየሄደ ነው። ሌላም ከኋላው ነበር፤ ሌላም። ሁሉም ወደ አንድ ወገን ይሄዳሉ። ያን ጊዜ አንጓች አስታወሰች፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጉማሬ ሣር ፍለጋ ወደ መሬት ይወጣል። ከውኃው ላይ ሆና መሬት አይታያትም ነበር፤ እነሱ ግን ያውቁታል። የምትፈራውን አውሬ ትከተል? ተከተለች እንጂ! ውኃውን ከእንስራው አንቆረቆረች፣ መልሳ ወተፈች፣ በእግሯ ውኃውን እየረገጠች ራቅ ብላ ተከተለቻቸው። ሸክላው ጠጣ፤ እሷ አንቆረቆረች። ሸክላው ጠጣ፤ እሷ አንቆረቆረች።

እንዲህ ስትል ደንገሉ ውስጥ ገባች። የዚያን ዘመን ደንገል እንደ አሁኑ አይምሰላችሁ። ቁመቱ ሁለት ሰው ተደራርቦ ቢቆም አይደርስበትም፤ ጥቅጥቅ ያለ ነው። ጉማሬዎቹ የራሳቸውን መንገድ ይዘው ጠፉ። እንስራው ከደንገል ጉቶ ጋር ተጋጨና ተሰበረ። አንጓች እግሯን ሰደደች። ጭቃ አገኘች፤ ጭቃው ግን ይውጣል። አንድ እግሯን ስታወጣ ሌላው ይገባል። ወደ ግራ ብትል ደንገል ነው፣ ወደ ቀኝ ብትል ደንገል ነው፣ ሰማዩም እየጠቆረ ነው። ወደ ባሕሩ ተመልሳ እየሄደች እንደሆነ እንኳ አታውቅም።

ያን ጊዜ ለቅሶ ሰማች።

ታንኳው ገብቷል። አያ ምንይችል «አንጓችን ባሕር በላት» ብሎ ተናግሯል። ማዕድ የማይቀርባት መንደር ሁሉ ሊያለቅስላት ወደ ባሕሩ ዳር ወጥቷል። ሰው መቼም ለሞተ ሰው ቸር ነው። ሲያለቅሱላት ሰማች፤ ስሟን እየጠሩ ደረታቸውን ሲመቱ ሰማች። ደስ አላት። መንገዷን አገኘች። ባላት ጉልበት ሁሉ፦

«አለሁ! አንጓች ነኝ! አልሞትኩም!» ብላ ጮኸች።

ለቅሶው ቀጥ አለ።

እንደገና ጮኸች። ማንም አልመለሰላትም። ሳል የለ፣ ኮሽታ የለ። የሰው ትንፋሽ እንኳ የጠፋ መሰላት። አንጓች ገባት፤ ሲገባት ከባሕሩም ከአውሬውም ይልቅ ይህ አንዘፈዘፋት። በዚያ ዳርቻ ባሕር የበላው ሰው ሲመሽ ተመልሶ ይጣራል ይባላል። በራሱ ድምፅ ይጣራል፣ ዘመዱን በስሙ ይጠራል። አቤት ያለው ሰው ተከትሎት ይገባል። ስለዚህ ከውኃ ድምፅ ሲመጣ ሁሉም አፉን ይይዛል። እሷ ራሷ ከሌሎቹ ጋር አፏን ይዛ የቆመችበት ማታ ነበር። ያን ዕለት ሲጣራ የነበረው ድምፅ ቀስ በቀስ ደክሞ ነበር የጠፋው። እስከዚያች ማታ የሞተ ሰው ነበር ብላ ታምን ነበር።

«ሽታው! ሽታው፣ እኔ ነኝ!» አለች።

ሽታው ብርቄን ታቅፎ ከለቀስተኛው መሀል ቆሟል፤ ሰምቷታል። አቤት ሊል አፉን ሲከፍት ሽማግሌዎች አፉን ያዙት።

«አንተ ሰው፣ ልጂቱን ወላጅ አልባ ልታደርጋት ነው? እሷ አይደለችም፤ ዝም በል!» አሉት።

እሱም ፈራ። አልዋሻችሁም፣ ፈራ። ድምፁ የሚስቱ ነው፤ ግን የሞተ ሰው ድምፅስ የራሱ አይደል?

ጭቃው የአንጓች ወገብ ደረሰ። ድምፁ ከወዴት ነበር? ከግራ ነበር? ከቀኝ ነበር? ጠፋባት። መሽቷል፤ ጡቷ ሞልቶ ያማል። እዚህ፣ ሰው በሚሰማት ቦታ፣ ሰው እየሰማት ልትሞት ነው።

ብርቄ ግን ርቧት ነበር። ብርቄ የባሕሩን ወግ አታውቅም። ሁሉም ዝም ባለበት እሷ ብቻ ማልቀስ ጀመረች። አንዲት ሴት ደንግጣ በነጠላዋ አፏን አፈነቻት። ያን ጊዜ ሽታው አንድ ነገር አደረገ። መናገር አልቻለም፤ አፉን ይዘውታል። ነጠላውን ግን ከልጁ አፍ ላይ ገፈፈ፤ ልጂቱንም ከራሱ በላይ ከፍ አድርጎ ያዛት። ብርቄ ጮኸች። ያለ የሌለ ኃይሏን አውጥታ ጮኸች።

አንጓች ሰማች። ጭቃውን እየቧጠጠች፣ ደንገሉን እየነከሰች፣ ወደዚያ ድምፅ ተሳበች። ድምፁ ሲደክም ቆመች፤ ድምፁ ሲነሣ ተሳበች። ቆመች፤ ተሳበች። ደንገሉ ሳሳ፣ ጭቃው ጠነከረ፣ ከደንገሉ መሀል ወጣች።

ሲያዩዋት መንደርተኛው ሸሸ። ገላዋ ጭቃ ነው፣ ፀጉሯ ላይ ደንገል ተጠምጥሟል፣ ከአፏ ደም ይወርዳል። ሽታው ብቻ አልሸሸም። ይሽሽ አይሽሽ አላወቀም መሰለኝ። እሷም ወደ እሱ ቀረበች። ልጇን ከእጁ ተቀበለች፤ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ጡቷን ሰጠቻት። ብርቄ ጎረሰች። ጭቃውን አልፈራች፣ ደሙን አልፈራች። ስትጠባ የጉሮሮዋ ድምፅ ይሰማ ነበር።

ሰዎቹ አንድ በአንድ ተመለሱ። ወተት በልጂቱ አገጭ ላይ ሲወርድ አዩ። አያ ምንይችልም ነበር። እልል የሚል ጠፋ፤ እንኳን ተረፍሽ የሚል ጠፋ። አንጓች ቀና ብላ አየቻቸው። የተናገረችው አንድ ቃል ብቻ ነው።

«ሰምታችሁኛል» አለች።



ከዚያ ቀን ወዲህ በዚህ ዳርቻ ከባሕር ለሚጣራ ድምፅ ሰው ሁሉ አቤት ይላል። የሞተም ይሁን በሕይወት ያለ፣ አቤት ይላል። ታንኳ የቆየ እንደሆነ ለቅሶ አንቀመጥም፤ የሚያጠቡ ሴቶች ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ውኃው ዳር ይወርዳሉ፣ ልጅ ቢያለቅስም አያባብሉም። ከሌላ አገር ያገቡ ምራቶች ይህን ሲያዩ ጨካኞች ይሉናል፤ ይበሉን።

ያቺ በጓሮ በኩል የምታለቅሰው የማን ልጅ ናት? ያንቺ ናት? ተቀመጪ፤ አትሩጪ። አመሻሽ ላይ ነው፣ ባሕሩም ላይ ማን እንዳለ አናውቅም። ተያት ጥቂት ታልቅስ፤ አንጓች ትስማ።