ጆሮውን ደፍኖ ገመድ የገዛው ሰው

አንድ የድስት ፋብሪካ ያለው ሰው ነበረ።

ቆይ ረድኤት፣ ጥያቄሽን ሳልሰማ ቀርቼ አይደለም። ልድገምልሽ። በሸሚዝ ፋብሪካው ሱፐርቫይዘር ከሆንሽ ሦስት ወርሽ ነው። የምታሠሪያቸው ልጆች ያዩትን ጉድለት እንዲናገሩ የአስተያየት ሳጥን ሰቀልሽ፣ በስልክም ግሩፕ ከፈትሽ፣ አንድም ሰው አይተነፍስም። ሸሚዙ ግን ኮሌታው እየተጣመመ ከገዢ ይመለሳል፤ አለቃሽም ሰኞ የአጥፊዎቹን ስም ጽፈሽ አምጪ ብሎሻል። «አክስቴ፣ ዝም የሚል ሰው በምን ይናገራል? በቅጣት ነው?» ነው ያልሽኝ። እኔ መልሱን በቀጥታ አላውቀውም። የማውቀው ይህን ሰውዬ ነው። እሱንም ያወቅኩት ካይዘን የሚሉትን የፋብሪካ አሠራር ማሻሻያ ሊያስተምር ከሩቅ ምሥራቅ የመጣ ሰው፣ እኔ ምግብ በማቀርብበት ካፍቴሪያ ቁጭ ብሎ በአስተርጓሚ ሲያወራ ነው። ግማሹን እሱ አወራ፣ ግማሹን አስተርጓሚው ጨመረ፣ የቀረው የኔ ነው።

ሰውዬው የሚኖረው፣ ሰው ቀኑን ሙሉ ቢበላም ሩዝ ካልቀመሰ «ጦሜን ዋልኩ» በሚልበት አገር ነው። የሚሠራው ድስት በኤሌክትሪክ ሩዝ የሚያበስል፣ ሲያበቃም ራሱን የሚያጠፋ ድስት ነው። ሙሽራ ያለ እሱ ድስት ጎጆ አትወጣም ነበር። ሰውዬው ሠራተኞቹን አይበድልም፣ ደሞዝ አያዘገይም፣ ጧት ከሁሉም ቀድሞ ይገባል። ክፉ ሰው እንዳይመስልሽ ብዬ ነው፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ ታሪኩ ያጥር ነበር።

አንድ ዓመት፣ ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ ገበያው ቀዘቀዘበት። ለምን እንደቀዘቀዘ ግን የሚነግረው ጠፋ። እዚህ ላይ እኔም ግራ ገብቶኝ አስተርጓሚውን ሁለቴ አስደግሜዋለሁ። የኛ ሰው የገዛው ዕቃ ቢበላሽበት ሱቁ በር ላይ ቆሞ ሰፈሩን ይሰበስባል። በዚያ አገር ግን ገዢ አይጣላም። ሩዙ አርሮበት እንኳ ባለሱቁ «ድስቱ እንዴት ነው?» ቢለው «ደግ ነው» ይልና፣ በሌላ ቀን መንገዱን ተሻግሮ ከማዶኛው ሱቅ ይገዛል። ባለሱቁም ይሉኝታ ይዞት ለባለፋብሪካው «ሁሉም ደህና ነው» ይለዋል። እናም ሁሉም ደህና እየሆነ፣ ድስቱ መጋዘን ውስጥ እስከ ጣሪያው ተቆለለ።

ሰውዬው ድስቱን ያየዋል፣ ያብረቀርቃል። ሠራተኞቹን ያያቸዋል፣ እጃቸው አያርፍም። ምናልባት ሰው አዲስ ነገር አምሮት ይሆናል አለና ድስቱን የሚናገር አደረገው። በሴት ድምፅ «ሩዝዎ በስሏል፣ መልካም ምግብ» የሚል ድስት። ገዢዎች ለሁለት ሳምንት ያህል ሊሰሙት መጡ፤ ከዚያ እነሱም ቀሩ። እንግዲህ ለሚስቱ፣ እስከ ዓመት በዓሉ ገበያው ካልተመለሰ ፋብሪካውን እዘጋለሁ አላት። ሚስቱ ለእህቷ፣ እህቷ ለጎረቤቷ፣ በሳምንቱ ሠራተኛው ሁሉ አወቀ። ማወቃቸውን ያላወቀ እሱ ብቻ ነበር።

ጭንቅ ሲለው ወደ ልጅነት ወዳጁ ሄደ። ወዳጁ በሌላ ከተማ ቬንትሌተር የሚገጥም ፋብሪካ አለው፤ እሱም አንድ ጊዜ ሊዘጋ ደርሶ የዳነ ነው። እዚያ ሠራተኞቹ ዕቃውን በሚያጓጉዘው ቀበቶ ግራና ቀኝ ቆመው ሲገጥሙ፣ ከራሳቸው በላይ እንደ ልብስ ማስጫ ያለ ቀይ ገመድ ተወጥሯል። እንግዳው «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ ሳይጨርስ አንዲት ልጅ እጇን ዘርግታ ገመዱን ሳበችው። ደወሉ ጮኸ። ጩኸቱ ልክ ስላልነበረው ሰውዬው ሁለት ጣቶቹን ጆሮው ውስጥ ወተፈ። ቀበቶው ቆመ። ካቦው ወደ ልጅቷ ሮጠ፣ ራሱን ዝቅ አደረገ፣ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ልጅቷ አንድ ነገር አሳየችው፣ ጎንበስ ብለው አብረው አስተካከሉት። ደወሉ ዝም አለ፣ ቀበቶው ሄደ፣ ሰውዬውም ጣቶቹን አወጣ።

ወዳጁ «እኔን ያዳነኝ ይህ ገመድ ነው» አለው።

ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል። ገመዱን በክንዱ ለካው። ውፍረቱን፣ ቀለሙን፣ የተገዛበትን ሱቅ ጻፈ። የደወሉንም ዓይነት ጻፈ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ዋና ገብታ ሞተች ይባል የለ።

አገሩ ገብቶ ከወዳጁ የሚበልጥ ገመድ ሰቀለ፣ የሐር። ደወሉንም ሦስት ሰፈር የሚሰማውን መረጠ። ሠራተኞቹን ሰበሰበና ጉድለት ያየ ሁሉ ገመዱን ይሳብ አላቸው። ሁሉም ራሳቸውን ዝቅ አድርገው እሺ አሉ።

በሁለተኛው ቀን፣ ክዳኑ ላይ ጎማ የምትገጥመው ሴትዮ ሳበችው። አሥራ ሰባት ዓመት ጎማ ገጥማለች፤ በፋብሪካው ሁሉ እንደ እሷ ዝምተኛ የለም። ደወሉ ሲጮኽ ሁለት መቶ ሰው ዞሮ አያት። ባለፋብሪካው ራሱ ከቢሮው እየሮጠ መጣ። በቅን ልብ ነው የመጣው፣ ይህን አልክድበትም። ነገር ግን ገና ሳይደርስባት፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣

«ምን አጠፋሽ?» አላት።

ሴትዮዋ በእጇ የያዘችውን ጎማ አየች። እሱን አየች። ጎማውን ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተችና «ምንም ጌታዬ፣ እጄ ሳላስበው ነክቶት ነው» አለች። እሱም ሳይቆጣ፣ በደግ ቃል፣ ሁለተኛ ተጠንቀቂ ብሏት ተመለሰ።

ከዚያ ወዲያ ገመዱን የነካ ሰው የለም። አንድ ረዥም ሠራተኛ ገመዱ ራሱን እንዳይነካው ሰብስቦ በምስማር አሰረው። አንዷ የታጠበ ጓንቷን አሰጣችበት። ባለፋብሪካው ግን ደወሉ አለመጮኹ ደስ አሰኘው፤ ጉድለት የለም ማለት ነው። ደስታውን ቁጭ ብሎ የሚያይበት ትልቅ ስክሪን ገዛ። ደወሉ ባልጮኸበት ሰዓት ሁሉ ስክሪኑ አረንጓዴ ይበራል። እናም ቀኑን ሙሉ አረንጓዴ ነው፣ እንደ ነሐሴ ሣር። መጋዘኑ ደግሞ እንደሞላ ነው። ስክሪኑን ያይና መጋዘኑን ያያል፣ መጋዘኑን ያይና ስክሪኑን ያያል።

ከዚያ ልክ አንቺ እንዳሰብሽው አሰበ። በሳምንት አንድ ጊዜ ገመዱን ያልሳበ ይቀጣል አለ።

በማግስቱ ጉድ ፈላ። ጧት ሁለት መቶው ሰው ተሰለፈና እንደ መግቢያ ፊርማ እየሳበ ገባ። ደወሉ እስከ ምሳ ሰዓት ዝም አላለም። ካቦዎቹ ከዚህ እዚያ እየሮጡ ላብ በላብ ሆኑ። አንዱን ለምን ሳብክ ቢሉት «ተራዬ ደርሶ» አለ። ሌላዋን ምን ጉድለት አገኘሽ ቢሏት «ጉድለትም ማግኘት አለብኝ እንዴ?» ብላ ደነገጠች። የሰፈሩ ሰው እሳት የተነሣ መስሎት ባልዲ ይዞ መጣ፤ ባልዲውን ይዞ ሲመለስ ምን እንደሆነ የነገረው የለም። ያን ቀን አሥር ድስት እንኳ አልተሠራም። ቅጣቱ ተሻረ፣ ጸጥታው ተመለሰ፣ ስክሪኑም አረንጓዴ በራ።

በዓሉ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ሰውዬው ሊወቅሰው ወደ ወዳጁ ሄደ። ለወቀሳም ቢሆን ባዶ እጅ አይኬድምና፣ ከራሱ ድስቶች ትልቁን በስጦታ ጨርቅ ጠቅልሎ በሁለት እጁ ታቅፏል። ገና ከበሩ «ያሳየኸኝ ገመድ አይሠራም» ብሎ ሲጀምር ደወሉ ጮኸ።

ጆሮውን እንዳይደፍን እጁ ተይዟል። ድስቱን እንዳያወርድ ስጦታ መሬት አይቀመጥም። ስለዚህ እንዳቀፈ ቆሞ ሰማ። ካቦው ገመዱን ወደ ሳበችው ሴት ሮጠ፣ ራሱን ዝቅ አደረገ፣ በጩኸቱ መካከል ድምፁን ከፍ አድርጎ፣

«እናመሰግናለን። ምን አየሽ?» አላት።

ሰውዬው ሊወቅስ የመጣውን ረሳው። ያኔ ሁሉን ጽፎ ነበር፣ ገመዱንም ደወሉንም። ይህችን ቃል ብቻ የገዛ ጣቱ ከልክሎታል። ድስቱን ለወዳጁ አስታቀፈና ሻይ እንኳ ሳይጠጣ ተመለሰ። ወዳጁ ግራ ገብቶት ድስት እንዳቀፈ በሩ ላይ ቀረ።

በማግስቱ ሥራው በተጋጋለበት ሰዓት ባለፋብሪካው ሠራተኞቹ መካከል ገባ። ጓንቱን አንሥቶ ለባለቤቷ ሰጣት። ምስማሩን ነቀለ። ገመዱን በራሱ እጅ ሳበው። ቀበቶው ቆመ። ሁለት መቶ ሰው እጁን ከሥራው አነሣ፤ እንግዲህ ፋብሪካው ተዘጋ ብለው ነበር። እሱ ግን ወደ ጎማ ገጣሚዋ ሄደና በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ራሱን ዝቅ አደረገላት።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አላት። «ያን ቀን ምን አየሽ?»

ሴትዮዋ ግራና ቀኝ አየች። እውነቱን ለመናገር ወጥመድ ነው የመሰላት። ሰውዬው ግን ቢጠበቅ ቢጠበቅ አይሄድም፣ ራሱንም ቀና አያደርግም። በመጨረሻ እጇን ሽርጧ ኪስ ከተተች። ጎማው እዚያው ነበር። ሽርጧን ባጠበች ቁጥር እያወጣች መልሳ የምትከተው እሷ ናት፤ ለምን እንደማትጥለው ራሷም አታውቅም።

«ጎማው ተለውጧል ጌታዬ» አለች። «ከክረምቱ ወዲህ የሚመጣው ቀጭን ነው። ክዳኑ የገጠመ ይመስላል፣ እንፋሎቱ ግን ያመልጣል። ሩዙ ከታች ያርራል፣ ከላይ ጥሬ ነው። እኔም ቤት እንደዚያው ነው።»

ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም የሚለው ቃል ምላሱ ጫፍ ደርሶ ነበር። ነከሰው። «አመሰግናለሁ» አለ።

ይህን እንዳለ ከማዶ በኩል የረዥሙ ሠራተኛ እጅ ወደ ገመዱ ተነሣ። ሽቦውም የሚላላበት ቦታ አለ ብሎ ሳበ። ያን ቀን ደወሉ አሥራ አንድ ጊዜ ጮኸ፤ ተራው ደርሶ የሳበ አንድም አልነበረም።

ጎማው ተቀየረ። መጋዘን ያሉትም ድስቶች አንድ በአንድ ተከፍተው ተስተካከሉ። ገበያው በአንድ ቀን ተመለሰ ብዬ አልዋሽሽም። ሰውዬው ግን ሱቅ ለሱቅ እየዞረ፣ ገዢ ባገኘ ቁጥር ራሱን ዝቅ አድርጎ «ምን አዩ?» ማለት ጀመረ። ሰዎቹ ግራ ተጋቡ። አንዳንዱ ድስት ሳይሆን ሌባ የሚያፈላልግ መሰለው። በመጨረሻ አንዲት ባልቴት አላስችል አላትና «ያ ድስትዎ ‹መልካም ምግብ› እያለ ልጄን በአማቶቿ ፊት ጥሬ ሩዝ እንድታቀርብ አደረጋት» ብላ ጀመረች። አንዴ ከጀመረች የዕድሜ ልኳን ነው ያወጣችው። እሷ ስትቆጣ የእሱ ፊት ይበራል፣ እሷ ስትብስ እሱ ያመሰግናል። ግራ ገብቷት ሄደች። በሳምንቱ ግን ጎረቤቶቿን አስከትላ መጣች፤ ድስቱን ሊገዙም፣ ያን የተሰደበ ሰው ሊያዩም። መጋዘኑ ገና ግማሹ እንደሞላ ነበር፤ በበዓሉ ማግስት ግን የፋብሪካው በር እንደ ወትሮው ተከፈተ።

እንግዲህ ረድኤትዬ፣ ድስቱ ያንቺ ሸሚዝ ነው። ገመዱም ሳጥንሽና ግሩፕሽ ነው። ሳጥንሽ ምንም አይወጣለትም። ሰው ግን ገመድ አይቶ አይናገርም፤ ገመዱን ሲስብ እየሮጠ የሚመጣውን ሰው አፍ አይቶ ነው የሚናገረው። ያቺ አዝራር የምትተክለው ልጅ ባለፈው ሳምንት ኮሌታ ይዛ ስትመጣ «ደግሞ ምን አጠፋሽ?» እንዳልሻት፣ እሷም «ምንም» ብላ እንደተመለሰች የነገርሽኝ አንቺው ነሽ። ጎማው አሁን በእሷ ኪስ ውስጥ ነው። ስሟን ጽፈሽ ከሰጠሽ እዚያው ኪሷ ውስጥ ይቀራል፣ ሸሚዙም መመለሱን አይተውም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ ዝምታ ራሱ አይነቅዝ ይሆናል፣ ፋብሪካን ግን ያነቅዛል። ሰኞ አለቃሽ ዘንድ ከመግባትሽ በፊት ወደ እሷ ሂጂ። ጥፋቱ የኔ ነው በያት። ከዚያ የሰውዬውን ጥያቄ ጠይቂያትና ምላስሽን ነክሰሽ ቁሚ።

ደግሞ አንድ ነገር ልናዘዝልሽ። ዛሬ በሩን ስከፍትልሽ ዓይንሽ ቀልቶ ነበር። እኔ ከድስቱ ሰውዬ ብሼ፣ ገና ሳትቀመጪ «ምን አጥፍተሽ ነው?» አልኩሽ። አንቺም «ምንም አክስቴ» ብለሽ ስለ ልጆቹ ጠየቅሽኝ። ይህን ሁሉ ሳወራ ቆይቼ የገባኝ አሁን ነው። ነይ እዚህ አጠገቤ ተቀመጪ። እጄ በሽንኩርት ተይዟል፣ ጆሮዬን ልደፍንም ብል አልችልም። አሁን ዝም ልል ነው፤ እኔ ዝም የምለው በዓመት አንዴ ነውና አታባክኚው።

ስለመጣሽ አመሰግናለሁ ልጄ። ምን አየሽ?